ቀለበት የሌለው ሳህን

ማሃናዲ ሞልቶ ከታክን ሲያስፈራ፣
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ከማያድር ሥራ።
የፍሪጁ ጩኸት፣ የአምፖሉ ብልጭታ፣
በቁጥር የሚመጣ የሰው ልጅ ስሞታ።

ቁጥር ሰባ አራት። ወንድ። ስድሳ ስምንት ዓመት።
አልጋ አሥራ ሦስት። ከካቴተር የተቀዳ ሽንት፤
የሩዝ እጣቢ መስሎ የደፈረሰ።
ከቅጹ ግርጌ፣ በጠበበው ባዶ ቦታ፣
ነርስ ፕራሚላ በእስክሪብቶ ጨምራለች፦
«ብር ሠሪ ነው፤ እባክሽ ቶሎ በይ።»

ዳሌው ተሰብሮ ነው የመጣው፤ በዝናብ፣ ደረጃ ላይ።
«ለሁለት ቀን ብቻ» የተባለው ቱቦ
አሥራ አንድ ቀን አደረ።
ያስገባው ሰው ፈርሟል።
ማን እንደሚያወጣው ግን
የተጻፈ የለም።
እንግዳ ሆኖ ገባ፤ ቤተኛ ሆኖ ቀረ፤
በሩንም ለሌላ ከፈተ።

የገባው ባክቴሪያ ተራ ነው፤
በሁላችን አንጀት በሰላም የሚያድር።
ቱቦው ላይ ሲወጣ ግን አተላ ለብሶ ጎጆ ይቀልሳል፣
ያወቀውንም ለጎረቤቱ ያካፍላል።
ማን አስተማረው አትበሉ፤ ትምህርት ቤቱ እኛ ነን፤
ያለ ማዘዣ የሸጥን፣ ያለ ልክ የዋጥን፣
በሦስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብለን የተውን፣
ለጉንፋን ያዘዝን፣ በዶሮ መኖ የበተንን።
ግማሽ ምት እባብን ያስተምረዋል እንጂ አይገድለውም።

ትናንት ሳህን ላይ ዘራሁት።
አሥራ ሁለት ክብ ወረቀት፣ እያንዳንዱ መድኃኒት የጠጣ፣
እንደ ሰዓት ቁጥር ደረደርሁበት።
መድኃኒቱ ከሠራ በዙሪያው ጥርት ያለ ቀለበት ይወጣል፤
እሱን በማስመሪያ እለካለሁ።
እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ቀለበት መቁጠር።

ንጋት ላይ ወደ መስኮቱ አዘንብዬ አየሁ።
አንደኛው ባዶ። ሁለተኛው ባዶ።
ሦስተኛው ሐኪሞቹ የሚምሉበት ነው፤ እሱም እስከ ጫፉ ተወሯል።
ሰባተኛው ላይ ደስ አለኝ፤
የጣቴ ጥላ ኖሯል።
አሥራ አንደኛው ላይ
አንዲት ቀለበት፣
ለሕፃን ጣት እንኳ የምትጠብ።

ደወልሁ። ዶክተር ራውት ዝም አለ፤
በስልኩ ውስጥ የእሱ መስኮት ዝናብ ይሰማኛል።
«አንድ ብቻ?»
«አንድ።»
«እሱ ኩላሊት ይነካል፤ ጆሮም።»
«አውቃለሁ።»
«ሌላ ሞክሪ።»
«ሣጥኑ ውስጥ ሌላ የለም።»

ዘጠኝ ዓመት ስሠራ
ከቁጥር ጀርባ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። ዛሬ ደረጃውን ወጣሁ።
ባናማሊ ይባላል። ትኩሳቱ አልጋውን ያንቀጠቅጣል፤
አውራ ጣቱና ጠቋሚው ግን
የማይታይ ሽቦ አየር ላይ ይጠመዝዛሉ።
«ስንት ቀለበት ወጣ?» አለኝ።
ፕራሚላ ነግራዋለች።
«አንድ።»
«በአንድም ትዳር ይቆማል» ብሎ ሳቀ፤ ሳሉ ሳቁን ቆረጠው።
ትንፋሹ ሲመለስ፦
«ብር የሚያምረው በክፍተቱ ነው፣ ልጄ።
ሽቦውን ማንም ያጥፋል፤ ጥበቡ
ባዶውን የት እንደምትተዪ ማወቅ ነው።»

ፕራሚላ ጓንቷን አጠለቀች፤
ቱቦውን አወጣች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።
ሰዓቱን ጻፈች፣ ፈረመች፤
ወደ አልጋ አሥራ አራት ዞረች፦
«ይኸኛውስ? እስከ መቼ ነው?»
የመለሰላት አልነበረም።

ወደ ምድር ቤቴ ወረድሁ።
ሳህኑ በእንፋሎት ሊቀቀል ተራ ይጠብቃል።
ከመስጠቴ በፊት ወደ ብርሃኑ መልሼ ያዝሁት፤
ክብ፣ ብርማ፣ ከዳር እስከ ዳር የተሸመነ።
ባናማሊ ቢያየው እጁን አገጩ ላይ አድርጎ
«የማን ሥራ ነው?» ይል ነበር፤
«ጎበዝ ነው። ግን
ባዶ መተው አያውቅም።»